አልፓካ ባይኖርም አህያ አለ፦ ከእንጦጦ ጀርባ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

ቲክቶክ ላይ አልፓካ በገመድ ይዘው ሜዳ ለሜዳ የሚንሸራሸሩ ፈረንጆች በዝተዋል። ከቪዲዮው ስር ደግሞ «እዚህስ የት ይገኛል?» ብሎ የሚጠይቅ የአዲስ አበባ ልጅ አይጠፋም። አልፓካ የፔሩና የቦሊቪያ ደጋ እንስሳ ነው። የግመል ዘመድ ነው፣ ለጸጉሩ ተብሎ ይረባል፣ ሲበሳጭም ይተፋል። ሰው አይጋልበውም፣ አብሮት ነው የሚሄደው። የጉዞው ጣዕምም እዚያ ላይ ነው፤ እንስሳው ሲፈጥን ትፈጥናላችሁ፣ ሲቆም ትቆማላችሁ፣ ሳር ሲግጥ ዙሪያችሁን ታያላችሁ።

ለዚህ ግን ፔሩ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም አንደኛ ናት። የዘረመል ተመራማሪዎች እንደሚሉት አህያ ለማዳ የሆነው የዛሬ 7,000 ዓመት ገደማ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ነው። የዱር ዘመዱም ቁጥሩ እጅግ ቢመናመንም ዛሬም አፋር በረሃ ውስጥ አለ። እኛ ግን አህያን የምናየው ከመኪና መስኮት ነው፤ ያውም መንገድ ሲዘጋብን፣ ያውም እየተራገምን።

እዚህ የምነግራችሁ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ከእንጦጦ ጀርባ ባለው የሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ ከአንድ ባለ አህያና ከሁለት አህዮቹ ጋር ግማሽ ቀን በእግር እንዴት እንደሚኬድ ነው። መጋለብ የለም። መጋለብ ያማራችሁ ፈረስ ፈልጉ፣ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።

መጀመሪያ ሰውየውን ፈልጉ

ብዙ ሰው የሚጀምረው አህያ በመፈለግ ነው። አህያማ ሞልቷል። የሚቸግረው አህያውን በደንብ የሚያውቅ፣ ትዕግስት ያለውና ከእናንተ ጋር ሲሄድ እንደ ሥራ ሳይቸኩል የሚሄድ ሰው ማግኘት ነው። አስጎብኚያችሁ እሱ ነው። ሰፈሩን ያውቃል፣ የትኛው ማሳ በቅርብ እንደተዘራና በየትኛው ጓሮ መጥፎ ውሻ እንዳለ ያውቃል፣ አህያው ጆሮውን ወደ ኋላ ሲለጥፍ ምን ማለቱ እንደሆነም ያውቃል።

መንገድ ዳር ቆማችሁ የሚያልፈውን ሁሉ አትጠይቁ። ሰው በሰው ይሻላል። ሱሉልታ ወተትና ድርቆሽ ወደ አዲስ አበባ የሚገባበት አገር ነው፤ ስለዚህ ወተት የምታመጣላችሁን ሴትዮ፣ ለከብት ድርቆሽ የሚገዛ ዘመዳችሁን ወይም እዚያ አካባቢ ቤት እየሠራ አሸዋና ውሃ በአህያ የሚያስመላልስ ወዳጃችሁን ጠይቁ። ከእነሱ አንዱ «እገሌ አለ፣ ጨዋ ሰው ነው» የሚለው አይጠፋም።

ሰውየው መጀመሪያ ላይ ቢጠራጠራችሁ አትቀየሙት። ከከተማ የመጣ ሰው አህያ ሲፈልግ ገበሬው በልቡ የሚያስበው ነገር አለ። የአህያ ቆዳ ቻይና ውስጥ ለባህላዊ መድኃኒት በጣም ስለሚፈለግ አፍሪካ ውስጥ ብዙ አህያ ተሰርቋል፣ ብዙም ታርዷል። ቢሾፍቱ ላይ ተከፍቶ የነበረ የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም ሕዝብ ተቆጥቶ ብዙም ሳይቆይ ተዘግቷል። በየካቲት 2016 ዓ.ም ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው አህያ ለቆዳው ተብሎ እንዳይታረድ ወስነዋል። ስለዚህ ገና ከጅምሩ በግልጽ ንገሩት፦ «ጋሼ፣ ልንገዛ አይደለም። ከእርስዎና ከአህዮችዎ ጋር እስከ ሜዳው ድረስ በእግር ሄደን መመለስ ነው የፈለግነው። ዕቃችንን ትንሽ ይሸከሙልናል፣ የቀኑን እንከፍላለን።» መጀመሪያ ይስቃል። ያለ ጭነት አህያ ይዞ ለመዞር ገንዘብ የሚከፍል ሰው ማየት ያስቃል፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እስቃለሁ። ከሳቀ በኋላ ግን ነገሩ ይቀላል።

ሱሉልታ ላይ ብዙው ሰው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። አማርኛም ይሰማል፣ ግን «አካም ጅርቱ» ብሎ ጀምሮ «ገለቶማ» ብሎ የሚጨርስ እንግዳ ሌላ ፊት ነው የሚያገኘው። ትልቅ ሰው ከሆነ «አባባ» ወይም «ጋሼ» በሉት፣ አንቱታውንም አትርሱ። የከተማ ልጅ ቶሎ «ብራዘር» ይላል፤ እዚያ አይሠራም።

የገንዘቡን ነገር በስልክ ጨርሱት፣ ሜዳ ላይ ቆሞ መከራከር ለማንም አያምርም። ሒሳቡ ቀላል ነው። አህያዎቹ በዚያ ቀን ውሃ፣ ጡብ ወይም ጭድ ቢያመላልሱ ስንት ያስገኙለት ነበር? ያንን ጠይቁ። በላዩ ላይ የሰውየውን የራሱን ቀን ጨምሩ፣ ምክንያቱም አስጎብኚ ነው። ልጁን ካስከተለ የልጁንም አስቡ። ግማሽ ቀን ነው ብላችሁ ግማሽ ለመክፈል አትሞክሩ፤ ጠዋቱ ከሄደበት ቀኑ ሄደ ማለት ነው።

መቼ ይሻላል?

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ። መስከረም ላይ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባም አለ፣ መሬቱ ግን ገና አልጠነከረም። ጥቅምት በጣም ያምራል፤ ጠዋት ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል እንጂ። ኅዳርና ታኅሣሥ አየሩ ደረቅና ንጹህ ነው፣ ግን አጨዳና ውቂያ ስላለ አህያ ሁሉ ሥራ ላይ ነው፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ካልተነጋገራችሁ አታገኙም። ክረምትን እርሱት። የሱሉልታ ሜዳ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል፣ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የአህያ ጸጉር እንደ ፈረስ ዝናብ አይመልስም፤ ቶሎ ይርሳል፣ ቶሎም ይበርደዋል። ዝናብ ሲጀምር አህያ ዛፍ ስር ወይም ግድግዳ ጥግ ለመግባት የሚታገለው ለዚህ ነው።

የገበያ ቀን አትምረጡ። የአካባቢውን የገበያ ቀን ከራሱ ከሰውየው ጠይቁ፦ «ነገ ገበያ አለብዎት እንዴ?» በሉት። በዓልም ከሆነ ቀድማችሁ አጣሩ፣ በበዓል ቀን ማንም ከቤቱ መራቅ አይፈልግም።

ሰዓቱ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሁን። ከ6 ሰዓት በፊት ጨርሳችሁ ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል፣ ፀሐዩም ቀልድ አይደለም። ማታን ደግሞ ጭራሽ አታስቡት። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የተባለው በከንቱ አይደለም፣ እንጦጦ ዙሪያ ጅብ ዛሬም አለ።

ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ምሽት ለሰውየው ደውሉለት፣ የመንገዱን ሁኔታና የአካባቢውን ሰላም ጠይቁት። «ነገ ይቅር» ካለ ይቅር። መታወቂያ ያዙ። ጫካ ውስጥ ለብቻ አትግቡ፣ ሦስት አራት ሆናችሁ ሂዱ።

አህያውን ከመውደዳችሁ በፊት ጀርባውን እዩ

ይሄ ክፍል ሊዘለል አይገባም። የእኛ አገር አህያ ትንሽ ነው፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ የሚሸከመው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ገጣባ ያለበት አህያ ታገኛላችሁ። ቦታዎቹ የታወቁ ናቸው፦ ትከሻው ላይ ከጋማው ማለቂያ፣ አከርካሪው ላይ፣ የሆድ ገመዱ የሚያልፍበት ብብቱ ስር፣ እና ብዙ ሰው ዞሮ የማያየው ጭራው ስር፣ ጭነቱ ወደ ፊት እንዳይሄድ የሚታሰረው ገመድ የሚፈትግበት ቦታ።

ነጭ ነጭ ጸጉር የበቀለበት ጠባሳ ካያችሁ ያ የዳነ ቁስል ነው፣ ችግር የለውም። የሚደማ፣ የሚያዥ ወይም ዝንብ የሰፈረበት ቁስል ካያችሁ ግን ያ አህያ ዛሬ አይሄድም። ባዶውንም ቢሆን አይሄድም። ይህን ስትሉ ሰውየውን አታሳፍሩት፣ በተለይ ልጆቹ ፊት። «ይቺ ዛሬ ትረፍ፣ ሌላ የለዎትም?» በቂ ነው። እሱም ቁስሉን ያውቀዋል። ድህነት ነው እንጂ ጭካኔ አይደለም ብዙውን ጊዜ፤ አህያው አንድ ቀን ካልሠራ ቤት ውስጥ የሚጎድል ነገር አለ።

ቀጥሎ እግሩን እዩ። ጥቂት እርምጃ ያስኪዱት። ካነከሰ ወይም ሰኮናው ረዝሞ ወደ ላይ ከታጠፈ ይቅር። ያረገዘች ከሆነች ጠይቁ። አህያ የምታረግዘው ዓመት ገደማ ነው፣ ወደ መጨረሻ ወሮቿ ላይ ያለች ጭነትም ጉዞም አይገባትም። ውርንጭላ የምታጠባ ከሆነች ግን ሂዱ፣ ውርንጭላው ተከትሎ ይመጣል። ጉዞው ግን በእጥፍ ይረዝማል፣ ምክንያቱም ውርንጭላ በየሃምሳ ሜትሩ ወይ ይጠባል ወይ ይሮጣል ወይ ይጠፋል። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ከዚህ የተሻለ መዝናኛ የለም።

ለምን ሁለት አህያ? አህያ ጓደኛ የሚይዝ እንስሳ ነው። ሁልጊዜ አብሮት ከሚውለው ከነጠላችሁት መንገዱን ሁሉ ወደ ኋላ ያያል፣ ያናፋል፣ አልሄድም ይላል። ጥንዶቹን አብራችሁ ውሰዱ። ገንዘቡ ትንሽ ይጨምራል፣ ሰላማችሁ ግን ብዙ ይጨምራል።

ምን ይጫን?

ትንሽ። ሲሚንቶ ሲጫን አይታችሁ «ይችላል» አትበሉ። ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ ለአንድ አህያ ከ20 ኪሎ በላይ አልመክርም፦ ውሃ፣ ምሳ፣ ምንጣፍ፣ ጋቢ፣ በቃ። ዋናው ነገር ሚዛኑ ነው። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። አንዱ ጎን ከከበደ ጭነቱ ቁልቁለት ላይ ይዞራል፣ ገመዱም ቆዳውን ይበላዋል። ከስሩ ወፈር ያለ ማደላደያ መኖሩን እዩ፤ ጆንያ ብቻ ከሆነ ከቤት አሮጌ ብርድ ልብስ ይዛችሁ ሂዱና ስትመለሱ ለሰውየው ተዉለት። መጫኑን ግን ለእሱ ተዉት። እናንተ ማቀበል ብቻ።

ልጅ ይቀመጥበት ወይ የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ትልቅ ሰው አይቀመጥበትም፣ ጨርሰናል። ክብደቱ ከ25 ኪሎ የማይበልጥ ልጅ ሜዳ ላይ፣ ለጥቂት ደቂቃ፣ ባለቤቱ ፈቅዶና ከጎን ይዞት ከሆነ ይሁን። ዳገትና ቁልቁለት ላይ ግን ልጁ ወርዶ በእግሩ ይሂድ።

ለራሳችሁ ምግብ ቆሎና ዳቦ ከሁሉ ይሻላል፣ ዕቃ አይፈልግም፣ ረቡዕና ዓርብ ላይም አያጣላም። ለሰውየውም እንደ ራሳችሁ ያዙለት። ለአህያው ግን ዳቦ አትስጡት። ፌስታል ደግሞ ሜዳ ላይ ፈጽሞ አትጣሉ፤ አህያ ፌስታል ከዋጠ አንጀቱ ሊዘጋና ሊሞት ይችላል። ለአህያው የምታመጡት ስጦታ ካለ ለሰውየው ስጡት፣ መቼና ምን ያህል እንደሚሰጥ እሱ ያውቃል።

ጫማ የተፈተነ ይሁን። ቆብ ያዙ። ከ2,600 ሜትር በላይ ናችሁ፣ ብርድ ስለሆነ ፀሐይ የለም ብሎ የሚያስብ ሰው ማታ ላይ አፍንጫው ይላጣል።

አቀራረብና አካሄድ

ከኋላ አትምጡ። ከፊት ለፊትም ቀጥ ብላችሁ አትምጡ። ከጎን፣ ወደ ትከሻው፣ ቀስ ብላችሁ፣ እያወራችሁ። ድምፃችሁን ይስማ፣ ያሽታችሁ። መጀመሪያ አንገቱን ወይም ትከሻውን እከኩለት። ጆሮውን አትንኩ፣ ብዙ አህያ አይወድም። ጆሮው ወደ እናንተ ከዞረ እያዳመጠ ነው። ወደ ኋላ ከተለጠፈ ራቅ በሉ።

አሁን አንድ የአልፓካው ቪዲዮ የማይነግራችሁ ነገር። እዚያ አገር እንስሳው በገመድ መመራትን ተምሯል፣ ቱሪስቱ ገመዱን ይዞ ከፊት ይሄዳል። የእኛ አህያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳው ከኋላ ነው፣ ገመድም ላይኖረው ይችላል። መንገዱን ያውቃል፣ ፊት ፊት ይሄዳል፣ ሰው ይከተላል። ስለዚህ ገመድ አስረን እንጎትት ብላችሁ አትጀምሩ። የእናንተ ቦታ ከጎኑ፣ ትከሻው አጠገብ ነው። ወይም ከኋላ ሁለት ሦስት ሜትር ርቃችሁ፣ ትንሽ ወደ ጎን ወጣ ብላችሁ። ቀጥታ ከኋላው የርግጫ ቦታ ነው።

ገመድ ያለው ከሆነና ሰውየው ከሰጣችሁ ደግሞ አንድ ሕግ አለ። ገመዱን እጃችሁ ወይም ወገባችሁ ላይ አትጠምጥሙት። አጥፋችሁ ያዙት። አህያው ደንግጦ ቢሮጥ ገመዱ ከእጃችሁ ሾልኮ ይሂድ፣ እሱ የትም አይሄድም፣ ጣታችሁ ግን ሊቆረጥ ይችላል። ለልጆች ይህን ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

«መጭ» ማለት ሁሉም ቦታ አይሠራም። እያንዳንዱ ባለ አህያ የራሱ ድምፅ አለው፣ አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ በምላሱ ይጠቅሳል። ስሙና አስመስሉ። ሰውየው ለይሉኝታ ብሎ ዱላ ሊያቀብላችሁ ይችላል፤ ተቀበሉት፣ መደገፊያ ይሆናችኋል።

ሲቆም

ይቆማል። አይቀርም። ብዙ ሰው ግትርነት ይለዋል። ፈረስ ሲፈራ ይሮጣል፣ አህያ ሲፈራ ይቆምና ያስባል። የሚያቆመው ነገር ለእናንተ ላይታያችሁ ይችላል፦ መንገድ ላይ ያለ ውሃ (ጥልቀቱን አያውቅም)፣ ነፋስ የሚያንቀጠቅጠው ላስቲክ፣ ትናንት ያልነበረ የድንጋይ ክምር፣ ድልድይ።

ከፊት አትጎትቱት። ከጎተታችሁት ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ያሸንፋችኋልም። ዝም በሉ። አንድ ደቂቃ ስጡት። ያየውን ነገር እንዲያሸት ፍቀዱለት። ካልሆነ ሁለተኛው አህያ ይለፍ፣ ጓደኛው ካለፈ እሱም ያልፋል። ወይም ባለቤቱ ቀድሞ ይርገጠው። ይሄ ሁሉ ሲሆን ስልክ አውጥቶ ፊቱ ላይ መደገን አይጠቅምም። ሰውየው ደግሞ እናንተን ላለማስቆም ብሎ ሊመታው ሲል «ግድ የለም ጋሼ፣ አልቸኮልንም» በሉት። ይህን ዓረፍተ ነገር በጉዞው ላይ ብዙ ጊዜ ትሉታላችሁ። ሰውየው የኖረው ደንበኛ ሲያጣድፈው ነው፤ እንዳልቸኮላችሁ እስኪያምን ጊዜ ይፈልጋል።

አንዳንዴ ደግሞ አቧራ ያለበት ቦታ ሲደርስ ተኝቶ መንከባለል ያምረዋል። ምሳችሁ ጀርባው ላይ እንዳለ። ጉልበቱን ማጠፍ ሲጀምር ቶሎ ለሰውየው ንገሩት፣ ወይ ያራምደዋል ወይ ጭነቱን ያወርድለታል። የሚሻለው ማውረድ ነው። ይንከባለል፣ ደስ ይበለው።

የት የት ይኬድ?

ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ ሜዳው ነው። ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ታክሲ ትይዛላችሁ፣ የጎጃሙን መንገድ ይዞ እንጦጦን ይሻገራል፣ ሰውየው በነገራችሁ ቦታ ትወርዳላችሁ። ከዚያ ከአስፋልቱ ራቅ ብላችሁ በእርሻ ዳርና በግጦሽ መሬት መሃል ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ዞራችሁ መመለስ ነው። ከእረፍቱ ጋር ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ረግረጉ አጠገብ ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለበትን ዝይ ልታዩ ትችላላችሁ፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም አይኖርም። ጠዋት ላይ አትሌቶች በቡድን ሲሮጡ ይመጣሉ፣ አህያውን ወደ ዳር አድርጉና አሳልፏቸው። በእናንተ አዝጋሚ አካሄድ ሲስቁ ትሰማላችሁ።

ከበድ ያለው ከእንጦጦ ቁልቁል ወደ ሱሉልታ መውረድ ነው። ይሄ የሚሆነው ሰውየው እንጦጦ ላይ ወይም ከጀርባው የሚኖር ከሆነ ነው። ከሽሮ ሜዳ በታክሲ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥታችሁ እዚያ ትገናኛላችሁ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከተማው ወደ ፍል ውሃ ከመውረዱ በፊት ለዚህ ተራራ የሚያስፈልገው እህልና እንጨት በሰውና በእንስሳ ጀርባ ነበር የሚወጣው፤ ከአህያ ጋር ስትሄዱ ያ ዳገት ምን ማለት እንደነበር በጉልበታችሁ ይገባችኋል። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከቆላ ወይም ከውጭ አገር በቅርቡ የመጣ እንግዳ ካላችሁ ጥቂት ቀን ይቆይና ይሂድ።

እንጦጦ አናት ላይ ስትቆሙ አህያዎቹ ይተንፍሱ፣ እናንተም ይህን አስቡ፦ ወደ አዲስ አበባ በኩል የሚወርደው ዝናብ ወደ አዋሽ ይሄዳል፣ አፋር በረሃ ውስጥም ይቀራል። በጀርባው ወደ ሱሉልታ የሚወርደው ሙገር ገብቶ ዓባይን ይቀላቀላል። የባሕር ዛፉ ቅጠል ቁልቁለት ላይ ያንሸራትታል፣ ሰውም አህያም ይወድቃል፣ ስለዚህ የሰውየውን ዱካ ተከተሉ።

እዚህ መንገድ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ታገኛላችሁ። መንገድ ልቀቁላቸው። ከአህያው ከፍ ያለ ጭነት ነው የተሸከሙት፣ ቆም ብለው እንዲያሳልፏችሁ አትጠብቁ። ፎቶ አታንሷቸው። ሰላም ማለት ግን ይቻላል።

አስፋልት መሻገር ካለባችሁ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጎጃም መንገድ ላይ ሲኖትራኩ ይበራል። ሁሉም ሰው፣ ሁለቱም አህያ፣ በአንድ ጊዜ፣ ሰውየው «አሁን» ሲል ብቻ። አንዱ አህያ ተሻግሮ አንዱ ከቀረ የቀረው ጓደኛውን ብሎ መኪና ሳያይ ይገባል።

ውሻ ካጋጠማችሁ አትሩጡ፣ ሰውየውን ከፊት አስቀድሙ። የገበሬ ውሻ ሥራውን ነው የሚሠራው። ከነከሰ ግን «ትንሽ ነው» አትበሉ፤ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዳችሁ የእብድ ውሻ ክትባት ጠይቁ። ለዚህ ሲባል አንድ ሳሙና ከዕቃችሁ ጋር ይኑር።

ስትመለሱ

ጭነቱ ቶሎ ይውረድ። ማደላደያው ሲነሳ ጀርባውን አብራችሁ እዩት፤ አዲስ የተላጠ ነገር ካለ ማስሪያው የት ጋ እንደበላው ሰውየው ያየዋል። ውሃ ይቅረብለት፣ ንጹህ ይሁን። አህያ በውሃ ይመርጣል፣ የሸተተውን ቢጠማውም አይጠጣም። እናንተ የተረፋችሁን የላስቲክ ውሃ ባልዲ ውስጥ ብትገለብጡለት ደስ ይለዋል።

ገንዘቡን በሰላምታ መሃል ለራሱ ለሰውየው ስጡት፣ ላገናኛችሁ ሰው ሳይሆን። ቴሌ ብር ካለው በዚያ ላኩለት፣ ከሌለው ዝርዝር ብር ቀድማችሁ ያዙ። ቡና ግቡ ይላል። ጊዜ ካላችሁ ግቡ። ከሌላችሁ «ሌላ ቀን» ከማለት ይልቅ ደረጃው ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ስኒ ጠጡና ሂዱ፣ ምክንያቱም ሚስቱ ከሰልና ቡናውን ከጠዋት ጀምራ አዘጋጅታ ይሆናል። የአህያዎቹን ፎቶ ካነሳችሁ ለልጁ በቴሌግራም ላኩለት። ስትመለሱ ደግሞ ታክሲው ቦታ የሚኖረው ከምሳ ሰዓት በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ያለው ሰልፍ ሌላ የእግር ጉዞ ነው።